ኦክሲና ፔንስትሬፕን በአንድ ቀን መውጋት፦ ለአንዲት ወተት አምራች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ሁለት ዲቃላ የወተት ላሞች አሉኝ። ከአሥር ቀን በፊት የአንደኛዋ የኋላ ቀኝ ጡት አብጦ ወተቱ እየቋጠረ ይወጣ ጀመር። ከመድኃኒት መሸጫ ኦክሲ 20 ፐርሰንትና ፔንስትሬፕ ገዝቼ ሁለቱንም በአንድ ቀን 10 10 ሚሊ ሊትር አስወጋኋት፤ በማግሥቱም አስደገምኩ። እብጠቱ ሲጎድል አቆምኩ፤ አሁን ግን ተመልሶ አበጠ። በዚያው ሰሞን ለእርጎ ያስቀመጥኩት ወተትም አልረጋ ብሎኝ ነበር። ሁለቱን አብሬ መስጠቴ ስህተት ነበር? አሁንስ የትኛውን ልስጣት?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከላሟ ሕመም አስቀድሜ የእርጎውን ነገር ላንሳ። ወተት የሚረጋው በውስጡና በዕቃው ላይ ባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። ዕቃው በወይራ በብርቱ ሲታጠን ወይም ሌሊቱ ሲበርድ መርጋቱ ሊዘገይ ይችላል፤ ነገር ግን ወተቱ በመርፌው ሰሞን የታለበ ከሆነና ቀናት ቆይቶም ካልረጋ፣ መድኃኒቱ ከላሟ ደም ወደ ወተቱ አልፎ እነዚያን ባክቴሪያዎች እንደገደለ በብርቱ መጠርጠር አለብን። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮሚሽን ኮዴክስ በአንድ ሊትር ወተት ውስጥ ሊገኝ የሚፈቅደው የፔኒሲሊን (በፔንስትሬፕ ውስጥ ካሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው) ቅሪት ከ4 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ይህ በዓይን የማይታይ፣ በምላስም የማይለይ መጠን ነው። ወተቱን ማፍላት ቅሪቱን አያጠፋውም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ይህን ወተት ቢጠጣ ቆዳው ሊያብጥና ሊያሳክከው ይችላል፤ የአንዲት ላም ወተትም በማሰባሰቢያው ጋን ከሌሎች ጋር ሲቀላቀል የሁሉንም ወተት ያበላሻል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። አዎ፣ ሁለቱን መድኃኒቶች አብሮ መስጠት አይመከርም፤ ምክንያቱን ማወቅ ደግሞ ወደፊት ለሚገዙት ለማንኛውም መድኃኒት ይጠቅምዎታል። ፔኒሲሊን ባክቴሪያው የራሱን ግድግዳ በሚሠራበት ሰዓት ግንባታውን እያፈረሰ ይገድለዋል፤ ስለዚህ የሚገድለው በማደግና በመራባት ላይ ያለውን ባክቴሪያ ነው። ኦክሲ፣ ማለትም ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ በአንጻሩ ባክቴሪያው ፕሮቲን እንዳይሠራ ከልክሎ እድገቱን ያስቆማል እንጂ በአብዛኛው አይገድለውም፤ የቀረውን የላሟ የራሷ የመከላከል ኃይል ያጸዳዋል። እንግዲህ በኦክሲ እድገቱ የቆመ ባክቴሪያ ግድግዳ መሥራቱንም ስለሚያቆም ፔኒሲሊኑ የሚያፈርሰው ነገር ያጣል። ይህ በሰው ሕክምናም የታየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1951 በማጅራት ገትር ሕሙማን ላይ በወጣ ጥናት ፔኒሲሊንና የኦክሲ ዘመድ የሆነ መድኃኒት አብረው ከተሰጧቸው መካከል የሞቱት፣ ፔኒሲሊን ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ በዝተው ተገኝተዋል። በፔንስትሬፕ ጠርሙስ ውስጥ ያሉት ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን ግን ይረዳዳሉ፤ ፔኒሲሊኑ ግድግዳውን ሲያላላው ስትሬፕቶማይሲኑ በቀላሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ችግሩ መድኃኒት መቀላቀሉ ብቻ ሳይሆን የማይስማሙ ቤተሰቦችን ማገናኘቱ ነው።

ሁለተኛው ችግር መጠኑ ነው። በብዙዎቹ የ20 ፐርሰንት ኦክሲ ጠርሙሶች ላይ ለእያንዳንዱ 10 ኪሎ ግራም የላም ክብደት 1 ሚሊ ሊትር እንዲሰጥ ተጽፏል። ዲቃላ ላምዎ 400 ኪሎ ግራም ብትመዝን የሚገባት 40 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ እሱም ጠርሙሱ ለአንድ ቦታ ከሚፈቅደው ሳያልፍ በተለያየ ቦታ ተከፋፍሎ ይወጋል። በእርስዎ 10 ሚሊ ሊትር ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ተጎድተው እብጠቱ ሲጎድል ጠንካሮቹ ተርፈዋል፤ ተመልሶ ያበጠውም ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ፔኒሲሊንም ሆነ ስትሬፕቶማይሲን ከደም ወደ ጡት የሚደርሰው በጥቂቱ ነው። በጡት ቀዳዳ በኩል የሚገባው የቱቦ መድኃኒት የተዘጋጀው ለዚህ ነው። ላሟ ትኩሳት ከሌላት እኔ የማስቀድመው እሱን ነው።

የጎንዮሽ ጉዳታቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። ኦክሲ በደም ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ስለሚጣበቅ በደም ሥር በፍጥነት ከተሰጠ ላሟን መሬት ላይ ሊጥላት ይችላል፤ በርጉዝ ላም ሆድ ያለውን ጥጃ ጥርስና አጥንት ያቀልማል፤ ለጥጃ በወተት በጥብጠው ቢሰጡትም ከወተቱ ካልሲየም ጋር ተጣብቆ አብዛኛው ሳይሠራ ይወጣል። የሰው ካፕሱል ፈትቶ ለአዋቂ ላም ማጠጣትን ፈጽሞ አልመክርም፤ መኖውን የሚያብላሉትን የጨጓራ ባክቴሪያዎች ስለሚገድል ላሟ መብላትና ማመስኳት ታቆማለች። ስትሬፕቶማይሲንና ወንድሙ ጄንታማይሲን ኩላሊትንና ጆሮን ይጎዳሉ፤ በተለይ ላሟ በተቅማጥ ውሃ ካጣች አደጋው ይብሳል፤ የጄንታማይሲን ቅሪትም በኩላሊት ውስጥ ለወራት ይቆያል። ሰልፋ የሚባሉት ሌሎች ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ብዙ ውሃ ካልተጠጣባቸው በኩላሊት ውስጥ እንደ አሸዋ ይረጋሉ። ፔኒሲሊን የላቀ ደህንነት ቢኖረውም፣ ከመርፌው በኋላ ላሟ ብትንቀጠቀጥ፣ ፊቷ ቢያብጥ ወይም ትንፋሽ ቢያጥራት ወዲያውኑ ሐኪም ይጥሩ።

አሁን የሚያደርጉትን ልንገርዎ። ለጊዜው ሌላ መርፌ አይጨምሩ። የታመመውን ጡት ከሌሎቹ በኋላ በጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቂት አልበው ቋጠሮውን ይመልከቱ፤ ከዚያም በቀን ብዙ ጊዜ ወተቱን አሟጠው በማውጣት ጉድጓድ ውስጥ ይድፉት፤ ለጥጃም ለውሻም አይስጡት። ጤነኛዋን ላም ሁልጊዜ እጅዎን ታጥበው ከታመመችው በፊት ይለቡ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ላሟን እንዲያያት ያድርጉ፤ የወተት ናሙናም ከቀጣዩ መድኃኒት በፊት ወደ እንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ ቢላክ፣ ስታፊሎኮከስ ይሁን ሌላ ባክቴሪያ፣ የሚበግረውም መድኃኒት የትኛው እንደሆነ ይታወቃል። ስታፊሎኮከስ ከሆነና ጡቱ ውስጡ ከጠጠረ፣ ያንን ጡት ማድረቅ ከተደጋጋሚ መርፌ ይልቅ ሊያዋጣዎት ይችላል።

ወተቱን ለሽያጭ የሚመልሱበትን ቀን ጠርሙሱ ይነግርዎታል፤ ለ20 ፐርሰንት ኦክሲ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው መርፌ ከተሰጠ 7 ቀን፣ ለሥጋ ደግሞ 28 ቀን ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለት መድኃኒት ከተሰጠ ረጅሙን ይያዙ። ገደቡ የታመመውን ብቻ ሳይሆን የአራቱንም ጡቶች ወተት ይመለከታል። ላሟ መኖ ካቆመች፣ ጆሮዋ ከቀዘቀዘ ወይም ጡቱ ቀዝቅዞ ወደ ሰማያዊ ካደላ ግን ነገ አይበሉ፤ በዚያኑ ዕለት ሐኪም ይጥሩ።