«ጌታ ሆይ፣ ውሰዳት» ማለቴ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። እናቴ ካንሰር ታማ ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ሕመሟን እናስታግስላታለን እንጂ አናድናትም» ብለውናል። ለእርሷ አልነገርናትም፤ ወንድሞቼ «ከሰማች ተስፋ ትቆርጣለች» ይላሉ። አንዳንድ ዘመዶች ደግሞ ማስታገሻው የእምነት ማነስ ነው ይሉናል። የማስታምማት እኔ ነኝ፤ ካስቀደስሁም ሰንብቻለሁ። አንድ ሌሊት ስታቃስት አላስችል ብሎኝ «ጌታ ሆይ፣ በቃ ውሰዳት» አልሁ። ኃጢአት ሠርቻለሁ? ለእናቴስ ምን እንበላት?

መልስ፦ እኅቴ፣ ያን ሌሊት ያልሽው ጸሎት ነው። የእናትሽ ሥቃይ እንዲያበቃ ለመንሽ፤ የለመንሽውም የነፍስን ባለቤት ነው። ነቢዩ ኤልያስ ራሱ ደክሞት «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ነበር (1ኛ ነገ. 19፥4)። እግዚአብሔር አልተቆጣውም፤ መልአኩ ቀስቅሶ አበላው፣ አጠጣው፣ ዳግመኛም ተኛ። ኃጢአት የሚሆነው ሰው በገዛ እጁ ሞትን ለማፋጠን ሲነሣ ነው። አንቺ በዚያ መንገድ አልሄድሽም። ሕሊናሽ እንዲያርፍ ግን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።

ማስታገሻውን ሐኪም ባዘዘው መጠን መስጠት ሞትን ማፋጠን አይደለም። የእምነት ማነስም አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ስለ ሐኪም ሲናገር እርሱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል (ምዕ. 38)። ጸበሉንም መድኃኒቱንም ይውሰዱ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ፤ ከወንድሞችሽ ጋር የማልስማማውም እዚህ ላይ ነው። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ እግዚአብሔር ነቢዩ ኢሳይያስን የላከው እውነቱን እንዲነግረው ነው፦ አትድንም፣ ቤትህን አሰናዳ (ኢሳ. 38)። ንጉሡ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጸለየ፣ አለቀሰ። ነቢዩ ከግቢው ርቆ ሳይሄድ ተመልሶ 15 ዓመት እንደ ተጨመረለት አበሠረው፤ በቍስሉም ላይ የበለስ ጥፍጥፍ አኖሩለት። ያ ሁሉ ልመናና ዕንባ የመጣው ስለ ተነገረው ነው። ለእናትሽ 15 ዓመት ይጨመርላቸዋል ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ ያን የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነው። ነገር ግን የሚናዘዙት ኃጢአት፣ የሚታረቁት ሰው፣ የሚተዉት ኑዛዜ ካላቸው ጊዜውን ልንነጥቃቸው አይገባም።

ደግሞስ በእውነት አያውቁም? ብዙ ሕመምተኞች ከፊታችን ያነቡታል። እኛ እንዳይደነግጡ እንደብቃለን፣ እነርሱም እኛ እንዳናዝን ያላወቁ ይመስላሉ፤ እንዲህ ሁሉም ብቻውን ያለቅሳል። ይህን ስል ዛሬውኑ ገብተሽ ንገሪያቸው ማለቴ አይደለም። ቀድመሽ ጠይቂያቸው፦ «እማዬ፣ ሕመምሽን እንዴት ታይዋለሽ? ሐኪሞቹ ያሉትን እንድነግርሽ ትወጃለሽ?» «አልፈልግም» ካሉ ተይው፤ መብታቸው ነው። ከፈለጉ ግን በአጭሩ ንገሪና አጠገባቸው ተቀመጪ። ወሬ አታብዢ። የኢዮብ ወዳጆች ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡባቸው ሰባት ቀናት ያጽናኑትን ያህል አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ አላጽናኑትም። ስንት ወር እንደ ቀራቸው ቢጠይቁሽ አትገምቺ፣ «ትድኛለሽ» ብለሽም አትዋሺ።

ካህን ጥሩላቸው። ምሥጢረ ቀንዲል (ካህን ጸልዮ ሕመምተኛውን ቅዱስ ዘይት የሚቀባበት ሥርዓት) የሞት ምልክት ነው ብለው የሚፈሩ ሰዎች ስላሉ እስከ መጨረሻው ሰዓት ይዘገያል። ስሕተት ነው፤ ያዕቆብ በመልእክቱ «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር» ነው ያለው (ያዕ. 5፥14)፣ የሚሞት ቢኖር አላለም። ስለ ቁርባኑም መዋጥ ሳያቅታቸው፣ ልቡናቸው ሳይደክም በፊት ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋገሩ።

ስለ ቅዳሴው አትሸማቀቂ። «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ያለው ጌታ አንቺ እናትሽን በምታገላብጪበት አልጋ ላይ ነው። ይህ ማለት ግን ብቻሽን ተሸከሚው ማለት አይደለም። የሙሴ እጆች በደከሙ ጊዜ አሮንና ሖር አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ሆነው ደግፈውታል (ዘጸ. 17፥12)። ለእናታቸው ተስፋ የሚጨነቁት ወንድሞችሽ ሌሊቱንም ይካፈሉ፤ ይህን መልስ አንብቢላቸው። በመጪው እሑድ አንዳቸው ከእናትሽ ጋር ይቆይና አንቺ አስቀድሽ፣ ከዚያም ቤት ገብተሽ ተኚ።