ለአዲሱ የምክር ቤት አባል፦ በየትኛው ኮሚቴ ልግባ?

ጥያቄ፦ ለከተማችን ምክር ቤት የተመረጥኩት የአካባቢ ጥበቃን አጀንዳ ይዤ ነው። በአካባቢ ጥበቃ ኮሚቴ ልግባ ወይስ በሌላ? ሥራዬን ከምን ልጀምር? ይህ መንገድስ ወደ ፓርላማ ያደርሳል?

መልስ፦ በበጀት ኮሚቴ ይግቡ። እሱ ካልተገኘ የመሬት አጠቃቀም ፕላን የሚመረምረውን ይምረጡ። የአካባቢ ጥበቃ ኮሚቴ ብዙ ጊዜ ሪፖርት ሰምቶ አስተያየት ከመስጠት አያልፍም። የወንዝ ዳርቻ ለግንባታ መዋሉ ወይም አረንጓዴ ሆኖ መቆየቱ የሚወሰነው ፕላኑ ሲጸድቅ ነው፤ አንዴ የተሰጠ ፈቃድ መሰረዝ ግን ከተማውን ካሳ ሊያስከፍለው ይችላል።

በጀት ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ችግኝ የሚተከለው በካፒታል በጀት (ለአዲስ ሥራና ግንባታ በሚመደበው) ነው፤ የሚጠጣው ግን በመደበኛ በጀት (ለዕለት ተዕለት ወጪ በሚመደበው) ነው። የተከላ ዕቅድ ሲቀርብ የውኃ ቦቴው ነዳጅ፣ የጠባቂው ደመወዝና የደረቀውን መተኪያ ለሦስት ዓመት መያዙን ይጠይቁ። ካልተያዘ የችግኙ ቁጥር ቀንሶ ገንዘቡ ወደ እንክብካቤው እንዲዛወር ሐሳብ ያቅርቡ። በፎቶ የሚያምረው ትልቁ ቁጥር ነው፤ ጥላ የሚሰጠው ግን የጸደቀው ዛፍ ብቻ ነው።

ለመጀመሪያ ሥራ የምንመክረው የአትክልት ገበያ ተረፈ ምርትን ወደ ኮምፖስት (ብስባሽ ማዳበሪያ) መቀየርን ነው። የሚበሰብስ ቆሻሻ አየር በሌለበት ሲቀበር ሜቴን ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ገበያው አንድ ቦታ ስለሆነ ከየቤቱ ከመሰብሰብ ይቀላል፤ ፕላስቲክም ያንሰዋል። እርጥቡ አትክልት ብቻውን ከተከመረ ይሸታል፤ ጎረቤት አቤት ሲል የኮምፖስት ጣቢያው ይዘጋል። ስለዚህ ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም ሰጋቱራ ይቀላቀልበት፤ በደረቁ የሚበዛው ካርቦን በእርጥቡ ከሚበዛው ናይትሮጅን ጋር ያለው መጠን 30 ለ 1 ገደማ ይሁን። ክምሩ በየጊዜው እየተገላበጠ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለ15 ቀን ይቆይ። ገዢውን አስቀድመው ይፈልጉ፤ የከተማው ፓርኮች ኮምፖስቱን እንዲወስዱ ውል ይታሰር። ብዙ ጣቢያ የሚሞተው ማምረት አቅቶት ሳይሆን የሚወስድለት አጥቶ ነው።

ደንብ ሲያረቁ መጀመሪያ የሚጻፈው አንቀጽ ምክር ቤቱ ሥልጣኑን ያገኘበትን ሕግ የሚጠቅሰው ነው። የጀርመኗ ቱቢንገን ከተማ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንስቶ በአንድ ጊዜ መጠቀሚያ ኩባያና የምግብ ማሸጊያ ላይ 50 የዩሮ ሳንቲም፣ በሹካና ማንኪያ ላይ 20 የዩሮ ሳንቲም ግብር ጣለች። የክልሉ ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው፤ ክርክሩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄዶ በጥር 2025 ከተማዋ እንደ ረታች ተሰማ። ሙግቱ ግብሩ ለአካባቢው ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚል አልነበረም፤ ከተማ እንዲህ ያለ ግብር መጣል የሚችለው በከተማው ውስጥ በሚፈጸም ፍጆታ ላይ ስለሆነ፣ በዋናነት ተይዞ የሚኬድ ምግብ «በከተማው ውስጥ የሚፈጸም ፍጆታ» ነው ወይ የሚል ነበር። ለዚህ ነው ረቂቁን ከሕዝብ ውይይት በፊት ለሕግ ክፍሉ የሚያሳዩት።

ወደ ላይ ስለመውጣት ከጠየቁን፣ መንገዱ አለ፤ ረጅም ነው። የእንግሊዟ የአረንጓዴ ፓርቲ ፖለቲከኛ ካሮላይን ሉካስ በ1993 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአውራጃ ምክር ቤት አባል ሆኑ፤ በ1999 ወደ አውሮፓ ፓርላማ፣ በ2010 ወደ አገራቸው ፓርላማ ገቡ። ወደ ላይ መውጣት ደግሞ ፓርላማ ብቻ አይደለም፤ በጀርመን የአረንጓዴ ፓርቲው ዲተር ሳሎሞን ከ2002 እስከ 2018 የፍራይቡርግ ከተማ ከንቲባ ነበሩ። የእርስዎ ደንብ በምርጫ ዘመኑ አጋማሽ ካልጸደቀ መራጩ ውጤቱን ሳያይ ድምፅ ይሰጣል፤ የጊዜ ሰሌዳዎን ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ።