አባቴን የጎዳቸው የኮምፒውተሩ ማዘዣ ይሆን?

ጥያቄ፦ አባቴ 68 ዓመታቸው ነው፤ ስኳርና ግፊት አለባቸው። ክትትላቸው ደብረ ማርቆስ ነው። ድሮ ሐኪሙ በወረቀት ይጽፍልን ነበር፤ አሁን ማዘዣው በኮምፒውተር ወደ መድኃኒት ቤቱ ይላካል። በዚህ መንገድ ግሊቤንክላማይድ የሚባል የስኳር ክኒን ከተሰጣቸው ወዲህ ሁለት ጊዜ ላብ አጠመቃቸው፤ እየተንቀጠቀጡ ዘባረቁ። ከውጭ የገዛሁላቸውን ዳኦኒልም አብረው ይወስዱ ነበር። ፈርተን የግፊቱንም ጨምሮ ሁሉንም ካቆምን ሦስት ሳምንት ሆነን። ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ይሆን? (ከቢቸና)

መልስ፦ ያስጨነቀዎት ኮምፒውተሩ ብቻ አይመስለኝም፤ «መድኃኒቱን በእጄ እየሰጠሁ አባቴን ጎዳኋቸው ወይ?» የሚለውም ነው። ጥፋቱን በራስዎ ላይ አይጫኑ። ዳኦኒልና ግሊቤንክላማይድ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ ዳኦኒል የንግድ ስሙ ነው። ይህን የነገረዎት ሰው አልነበረም። አባትዎ እጥፍ ሲወስዱ ስኳራቸው እንደወረደ ምልክቶቹ በግልጽ ያሳያሉ።

መድኃኒቱን የሚመርጠው ሐኪሙ እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም። በኮምፒውተር ማዘዝ የማይነበብ የእጅ ጽሑፍን ያስቀራል፤ በደንብ የተሟላ ሲስተም ደግሞ መጠን ሲበዛ ወይም አንድ መድኃኒት ሁለቴ ሲታዘዝ ሐኪሙን ያስጠነቅቃል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የቦስተን ሆስፒታል ጥናት በዚህ አሠራር ከባድ የመድኃኒት ስሕተት ከግማሽ በላይ መቀነሱን አሳይቷል። ሐኪሙ ከዝርዝሩ ላይ ያላሰበውን መስመር ሊነካ ይችላል፤ ስለዚህ ስሕተት ጨርሶ የለም አልልም። እናንተ ቤት ያለውን ዳኦኒል ግን፣ ካልተነገረው በቀር፣ የትኛውም ሲስተም ሊያውቀው አይችልም።

አሁን ስለ ስኳር መውረድ ልንገርዎ፤ ከሁሉም የምፈራው እሱን ነው። «የስኳር ሕመምተኛ ስኳር አይቅመስ» የሚለው ወሬ በዚህ ሰዓት ሰው ይገድላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ መቆጣት፣ መዘባረቅ ካዩ፣ አባትዎ ነቅተው መዋጥ ከቻሉ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ወዲያው ያጠጧቸው፤ ማርም ይሆናል። በሩብ ሰዓት ካልተሻላቸው ይድገሙ። ሲሻላቸው እንጀራ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም አይጨምሩ፤ በጎናቸው አስተኝተው ወዲያው ወደ ሐኪም ያድርሷቸው። ቢነቁም መሄድ አይቀርም፤ የዚህ ክኒን ኃይል እስከ አንድ ቀን ስለሚቆይ፣ በተለይ ኩላሊታቸው በደከመ አረጋውያን፣ ስኳሩ ሌሊት ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። በጾም ወቅት ክኒኑን ጠዋት ውጠው እስከ ቅዳሴ መውጫ ሳይበሉ የሚቆዩ አባቶችም በዚሁ ይወድቃሉ። ክኒን ተውጦ መጾም የለም፤ ጾሙን ከሐኪማቸው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሁሉንም ማቆማችሁን ግን በፍጹም አልደግፍም። የግፊቱ ክኒን ምን አደረገ? ግፊት ዝም ብሎ ከፍ ይልና አንድ ቀን ግማሽ አካልን ሽባ ያደርጋል። ሁለት ጊዜ ሲዘባርቁ አይታችሁ ሐኪም ጋ ሳትሄዱ መክረማችሁም ያሳዝነኛል። ነገ ጠዋት ይሂዱ፤ ደብረ ማርቆስ ከራቀ እዚያው ቢቸና ስኳራቸውንና ግፊታቸውን ያስለኩ። ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከፍ ብሎ ውኃ ጥሙና ሽንቱ ከበዛ፣ ካስመለሳቸው ወይም ከፈዘዙ ነገን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ። እስከዚያ ዳኦኒሉንም ግሊቤንክላማይዱንም በራስዎ እንዳይጀምሩላቸው።

ስለ ወጪውም ይሰማኛል፤ አንዱን መድኃኒት በሁለት ስም ሁለቴ ከፍለውበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 በመድኃኒት ስሕተት የሚባክነውን በዓመት 42 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል፤ እንዲህ ያለው እጥፍ መድኃኒት አንዱ መንገድ ነው። ሲሄዱ ቤት ያለውን ክኒን ሁሉ፣ ባዶውን ካርቶን ሳይቀር፣ በፌስታል ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ። የታዘዘው ዝርዝር ታትሞ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ከውጭ መግዛት ግድ ሲሆንብዎ ያን ዝርዝር ለፋርማሲስቱ ያሳዩ፤ «ከእነዚህ ውስጥ አንድ ዓይነት የሆነ አለ?» ብለውም ይጠይቁት።