ክራሩና ኪቦርዱ ለምን አይስማሙም?

ጥያቄ፦ ፒያሳ ውስጥ ከአንድ ባንድ ጋር ባለስድስት ክር ክራር እጫወታለሁ። ትዝታ ሜጀር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ቃኝቼ ለብቻዬ ስደረድረው ማር ነው፤ ኪቦርዱ ሲገባ ግን ሁለት ክሮች ይጎመዝዛሉ። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ የማንም አይደለም። በጆሮ ሲቃኙ፣ ሁለት ክሮች አብረው ተመትተው ድምፃቸው መርገብገቡን እስኪተው ይጠብቃሉ። ዶና ሚ እንዲህ የሚገጥሙት ንዝረታቸው 4 ለ5 ሲሆን ነው፤ ርቀቱም 386 ሴንት (የኖታ ርቀት መለኪያ) ይሆናል። ኪቦርዱ ግን ኦክታቩን፣ ማለትም ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን 1200 ሴንት፣ ለ12 እኩል ስለሚከፍል ሚ 400 ላይ ተቀምጧል። ልዩነቱ 14 ሴንት ነው። ላ ላይ ወደ 16 ይደርሳል። መካከለኛው ዶ 261.6 ኸርዝ ቢሆን፣ የእርስዎ ሚ 327፣ የኪቦርዱ 329.6 ነው፤ አብረው ሲጮኹ በሰከንድ ከሁለት ጊዜ በላይ ይርገበገባሉ። ሬ በ4፣ ሶል በ2 ሴንት ብቻ ስለሚለያዩ አያስቸግሩም። የሚጎመዝዙብዎት ሚና ላ መሆን አለባቸው።

ከባንዱ ጋር ሲሆኑ ክርን ከክር አይቃኙ። ኪቦርዱ ትራንስፖዝ 0፣ ቲዩኒንግ 440 ላይ ይሁን። የፒያኖ ድምፅ ቶሎ ስለሚጠፋ ቪብራቶ (የድምፅ መንቀጥቀጥ) የሌለው ኦርጋን ይምረጡና እያንዳንዱን ክር ከራሱ ኖታ ጋር ያግጥሙ። ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ይወጥሩ፤ ካለፈብዎት አላልተው እንደገና ይምጡ። ስድስተኛውን ሲጨርሱ ወደ አንደኛው ይመለሱ፤ ውጥረቱ ሲጨምር እንጨቱ ትንሽ ስለሚጎብጥ ቀድመው የተቃኙት ይወርዳሉ። አዲስ ናይሎን ከሆነ ደግሞ ደጋግመው መመለስዎ አይቀርም።

ስኬል ቲዩን (እያንዳንዱን ኖታ ለየብቻ ማስተካከያ) ያለው ኪቦርድ ወደ ክራሩ ሊመጣ ይችላል፦ ሬ +4፣ ሚ −14፣ ሶል +2፣ ላ −16። ለባንድ ግን አልመክርም። ቤዝ ጊታሩን ፍሬቱ (አንገቱ ላይ ያለው ቋሚ መከፋፈያ) አስሮታል። ዘፋኙ መነሻውን ወደ ሬ ካዛወረው ደግሞ ከሬ እስከ ላ ያለው እንደ ዶና ሶል 702 መሆን ሲገባው 680 ሆኖ ይቀራል፤ 22 ሴንት ጎደለ ማለት ነው፣ ማንም ይሰማዋል። የአውሮፓ ኦርጋን ቃኚዎችንም ያስጨነቃቸው ይኸው ነው። ፒየትሮ አሮን በ1523 እ.ኤ.አ. የጻፈው ዘዴ ዶና ሚን ንጹሕ ለማድረግ በመካከል ያሉትን አራት «አምስተኛ» የሚባሉ ርቀቶች (እንደ ከዶ እስከ ሶል ያለው) ያጠብባል፤ ዋጋው ግን ከመነሻው ሲርቁ የሚከፈል ነበር። ቻይናዊው ልዑል ዡ ዛይዩ በ1584 እ.ኤ.አ. እኩሉን ክፍፍል በስሌት አወጣው፤ እያንዳንዱ እርምጃ 1.059463 እጥፍ ነው። ከየትኛውም ኖታ መነሳት የተቻለው በዚህ ነው፤ ሚ የጎመዘዘውም በዚሁ።

የጆሮ ቅኝትዎን መተው ካልፈለጉ፣ ክራሩ በሚመራበት ቦታ ኪቦርዱና ቤዙ ዶና ሶልን ብቻ እንዲይዙ ያድርጉ።