የማር ብስኩቴ ለምን ይዘረጋል?

ጥያቄ፦ በ2 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ማር፣ ግማሽ ኩባያ የቀለጠ ቅቤና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ብስኩት እጋግራለሁ። ኦቭን ውስጥ ተዘርግቶ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ከሥሩ ያርራል፣ በማግስቱም ይለሰልሳል። ስህተቴ የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ ማሩ በዝቷል፤ ቅቤውም መቅለጥ አልነበረበትም። ማር አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ውሃ ስላለው ሊጡን ያቀጥነዋል። ለ250 ግራም ዱቄት 4 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ 50 ግራም ስኳር፣ 100 ግራም የለሰለሰ የገበታ ቅቤ፣ 1 የእንቁላል አስኳል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳና ቁንጥር ጨው ይበቃል። በቅመም የተነጠረ ቅቤ አይሞክሩ፤ የማሩን ሽታ ይውጠዋል። ነጭ ማር ከረጋብዎት ዕቃውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ያቁሙት።

ቅቤና ስኳሩን ይምቱ፣ ማርና አስኳሉን ይጨምሩ፣ ከዚያ ከሶዳውና ከጨው ጋር የተነፋውን ዱቄት። እንደ ዳቦ አይሹት፣ ብስኩቱ ይደርቃል። ዱቄቱ ሲያያዝ ይተዉት።

ዋናው ነገር ፍሪጅ ነው፦ ሊጡ ተሸፍኖ 40 ደቂቃ ይረፍ። ቅቤው ካልጠነከረ ብስኩቱ ቅርጽ ሳይዝ ይቀልጣል። ከዚያ በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ዳምጠው በሻይ ብርጭቆ አፍ ይቁረጡ፤ ብስኩቶቹን እርስ በርስ 3 ሳንቲ ሜትር ያራርቁ።

ማር ከስኳር ቶሎ ይጠቁራል፤ ስለዚህ 170 ዲግሪ፣ መካከለኛው መደርደሪያ፣ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ። ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን ያውጡት። መሀሉ ሲነካ ለስላሳ ቢሆንም አይመልሱት፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል።

በማግስቱ የሚለሰልሰው ማር ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ነው። ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ቆርቆሮ ውስጥ አይክደኑት።