የአባ ኮዳ እግር

ልጆቼ፣

ሐዋሳ ላይ ሥዕል መሣል ከጀመርኩ 30 ዓመት አልፎኛል። ወጣቶች ሁሌ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ ብዙ ደከምኩ፣ ግን አልሆነልኝም። ምን ልጨምር?» ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዲት ልጅ ይህንኑ እያለቀሰች ጠየቀችኝ። ያን ቀን አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም። ስለዚህ ልጻፍላችሁ።

በእናንተ ዕድሜ ጀንበር ሐይቁ ላይ ስትጠልቅ ልሥል ብዬ አንድ ሸራ ላይ ሦስት ወር ተጣበቅኩ። እቀባለሁ፣ እፍቃለሁ፣ መልሼ እቀባለሁ። ቀለሙ ከመደራረቡ የተነሳ እንደ ጭቃ ተጋገረ። እንቅልፍ አጣሁ። ሐሳቤ ሁሉ ሰው አይቶ «ጎበዝ ነው» እንዲለኝ ነበር። ስለ ሐይቁ ግን አንድም ነገር ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ጠዋት ምርር ሲለኝ ብሩሹን ጥዬ፣ ደብተርና እርሳስ ይዤ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወረድኩ። ጀልባዎቹ ገብተዋል። ልጆች ዓሣ ይበልታሉ። አባ ኮዳዎቹ ጭንቅላትና የሆድ ዕቃ እስኪወረወርላቸው ዙሪያውን ቆመዋል። ራሳቸው መላጣ፣ አንገታቸው ሥር ከረጢት የተንጠለጠለ፣ ከሰው ወገብ በላይ የሚደርሱ ወፎች ናቸው። እግራቸውን ሁልጊዜ ነጭ አድርጌ ነበር የምሥለው።

አጠገቤ የነበረ ዐሥር ዓመት ቢሆነው የሚሆን ልጅ ደብተሬን አየና «እግሩ እኮ ነጭ አይደለም» አለኝ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ኩሱ ነዋ!»

ሳቅኩ። ከዚያ ግን ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርኩ። ፀሐይዋ ከረር ስትል አንዱ ወፍ እውነትም እግሩ ላይ ለቀቀው። ነጩ በተላጠበት ቦታ ላይ ጥቁር ግራጫ ቆዳ ይታያል። ምክንያቱን የተረዳሁት በኋላ ነው፦ ኩሱ ውሃ የበዛበት ስለሆነ ሲደርቅ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ወፉ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በዚያ ነው፤ የእኛ ላብ እንደሚያደርገው ማለት ነው።

ያን ቀን ደብተሩ አለቀብኝና ካርቶን ለምኜ ቀጠልኩ። መስመሬ ያምራል አያምርም የሚለው ትዝም አላለኝም። ማወቅ የፈለግሁት ነጩ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ነበር። ቤት ገብቼ ሳያቸው ወፎቹ ቆመዋል! በእግራቸው፣ በክብደታቸው ቆመዋል። በሦስት ወር እንዲህ ያለ ነገር አልመጣልኝም ነበር።

ስንፍናን እየመከርኳችሁ እንዳይመስላችሁ። እጅ የሚፈታው በልምምድ ነው፤ በዚህ አልደራደርም። ልቀቁት የምላችሁ ጥርስ ነክሶ «ዛሬ የግድ ጥሩ ሥራ ይውጣ» የሚለውን ድካም ነው። እሱ ዓይናችሁን ከምታዩት ነገር ላይ አንስቶ እናንተው ላይ ይተክለዋል። በእናንተ ዘመን ደግሞ ይብሳል። ቀለሙ ሳይደርቅ ቲክቶክ ላይ ስንት ላይክ እንዳገኘ ይቆጠራል። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል።

ሲያቅታችሁ አንድ ትንሽ ጥያቄ ያዙ። ሐይቃችንን እንኳ ተመልከቱ። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። መውጫ የሌላቸው ሻላና አቢጃታ ጨዋማ ናቸው። የእኛው ግን ጨዋማ አይደለም። ውሃው በመሬት ሥር እየሰረገ ይወጣል ይላሉ አጥኚዎች። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ዳርቻውን እንደ ድሮው መሣል አልቻልኩም። ከሥር የሚሄደው ውሃ ይታሰበኛል፣ እጄም ቀስ ይላል።

ላለቀሰችው ልጅ፦ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አሞራ ገደል እጠብቅሻለሁ። ላጲስሽን ቤት ተይው። ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታስፈለፍለው፤ ልጆቿም ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ያን ጊዜ ጉንጯ ምን ይመስል ይሆን? እኔም እስከ ዛሬ አላየሁትም።