«ሌሊቱን ሙሉ ታጠናለች፤ ውጤቷ ግን እየወረደ ነው»

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ልጅ አለችኝ። ፈተናውን እስክትጨርስ ብዬ ቡና እንኳ አፍልታ አታውቅም፤ ከሥራ ሁሉ አሳርፌያታለሁ። ሌሊት በሯን ዘግታ «በቴሌግራም እያጠናሁ ነው» ትለኛለች። የሴሚስተሩ ውጤቷ ሲቀንስ ስልኳን ልነጥቃት ሞከርኩና ተጣላን። አሁን ከእኔ ጋር ማዕድ አትቀርብም። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ «አጠናሁ» የምትልዎ እውነቷን ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው ነበር፤ አንዳንዶቹ ጽሑፉን ደጋግመው አነበቡ፣ ሌሎቹ ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የጻፉት በለጡ። ልጅዎ ማታ «ገብቶኛል» ብላ ተኝታ ፈተና ላይ የሚጠፋባት ለዚህ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ክፍል ካነበበች በኋላ መጽሐፉን ትዝጋና ለ10 ደቂቃ በባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሰውን ትጻፍ። ከዚያ ገልጣ የጎደለውን በቀይ ትሙላ፤ በማግስቱ፣ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን ትድገመው። ለሒሳብና ለፊዚክስ የስህተት ደብተር ይኑራት፤ ትክክለኛውን መልስ ብቻ ሳይሆን የት እንደሳተች ትመዝግብ፦ ቀመሩን ነው፣ መለኪያውን ነው ወይስ ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ? ከቴሌግራም የተከማቸው ፋይል አብዛኛው አይነበብም። የመማሪያ መጽሐፉና ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ይበቋታል፤ ፈተናዎቹን ሰዓት ይዛ ትሥራ። የሚዘዋወሩት የመልስ ቁልፎች ስህተት ስለማያጡ ከመጽሐፉ ጋር ታመሳክር።

ስልኩን አይንጠቋት፤ መደበቅን ነው የሚያስተምራት። ይልቅ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ የእርስዎም ጭምር፣ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛት ያስፈልጋል፤ የተጠናው በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ነውና።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከሥራ ማሳረፍዎ ነው። ከፍቅር መሆኑ ይገባኛል። ለልጅ ግን «ሁሉን ትቼልሻለሁ» ማለት የሚከፈል ዕዳ ይሆናል፤ ውጤቷ ሲወርድ ፊትዎን ማየት የሚከብዳትም ለዚህ ይመስለኛል። ደግሞም ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ብዙዎቹ ፈተናውን የሚወስዱት ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ያለ ስልክ፣ ከማያውቋቸው ልጆች ጋር ዶርም እያደሩ ነው። ልብሷን አጥባ፣ ዕቃዋን ራሷ ሸክፋ የማታውቅ ልጅ እዚያ የምትጨነቀው በጥያቄው ብቻ አይደለም። ቅዳሜ ዩኒፎርሟን ትጠብ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሽሮ ትሥራ፤ የሳምንት ወጪዋን በአንድ ጊዜ ይስጧትና እየጻፈች ታብቃቃ። ካለቀባት አይጨምሩላት።

ለንግግሩ የእሁድን የቡና ሰዓት ይምረጡ፤ ሌሊት በሯ ላይ ቆመው ወይም ውጤት በመጣ ቀን አይሁን። «ስልክሽን ልነጥቅሽ መሞከሬ ልክ አልነበረም» ብለው ይጀምሩ። ቀጥለው «የትኛው ትምህርት ነው የከበደሽ?» ይበሏትና ዝም ብለው ያዳምጡ። የጎረቤት ልጅ ስም አይነሳ።

ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ከራቃት፣ ወይም «የማልረባ ነኝ» ማለት ካበዛች፣ ፈተናው እስኪያልፍ አይጠብቁ፤ የአእምሮ ጤና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዷት። መሞት እንደምትፈልግ ከተናገረች ግን ብቻዋን ሳይተዉ በዚያው ቀን ይውሰዷት።